የአየርላንዶቹ በረኛ

ሪያድ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2014፣ አንዲት አየርላንዳዊት ቤት እሠራ ነበር። ከፊሌ፣ ማለትም በስሙ ያስገባኝ፣ ሠራተኛ የሚያከራይ ኩባንያ ስለነበር የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማም ፓስፖርቴም እሱ ዘንድ ነው። ኩባንያው የሚያሳድረን ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነው፤ ሰከን እንለዋለን። ጠዋት አውቶቡሱ ከሰከኑ በር ላይ ለቃቅሞን ከተማውን ያቋርጥና ፈረንጆች ተሰብስበው ወደሚኖሩበት ትልቅ ግቢ ይወስደናል፤ አመሻሹ ላይ ይመልሰናል። ግቢው በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። ውስጡ መዋኛ፣ አዳራሽ፣ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ሜዳም አለው።

አሠሪዬ አዋላጅ ነርስ ናት። ከባሏና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። በስሟ እንድጠራት ደጋግማ ብትነግረኝም አፌ እምቢ ስላለኝ ማዳም እንዳልኳት ቀረሁ። የምንግባባው ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአረብኛ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ማዳምና የአገሯ ልጆች ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አብዛኞቹ ነርሶችና መምህራን ናቸው። ያን ጊዜ ሪያድ ውስጥ ሴት ልጅ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ማየት የሚቻለው እንዲህ ባለ ግንብ ውስጥ ነበር። እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ልጆቿን እጠብቃለሁ፣ ሲጠማቸው ውኃ አቀርባለሁ። በረኛ አልነበራቸውም። በየተራ እየገቡ ይቆማሉ፤ ኳሱ ጠንከር ብሎ ሲመጣ ግን ፊታቸውን ሸፍነው ይሸሻሉ።

አንድ ዓርብ ከመካከላቸው አንዷ የመታችው ኳስ ጎሉን አልፎ በቀጥታ ወደ ትንሿ ልጅ ጭንቅላት መጣ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ወደ ጎን ዘልዬ በአንድ እጄ ቀለብኩትና፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ እስከ ሜዳው መሀል ወረወርኩት። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ማዳም እያለከለከች መጣች።

“ይህን የት ተማርሽ?”

“በረኛ ነበርኩ፣ ማዳም። የእጅ ኳስ።”

“የት?”

“አገሬ። ለዞናችን ተጫውቻለሁ።”

ሪያድ ከገባሁ ጀምሮ የምጠየቀው ምን መሥራት እንደምችል ነው። ልብስ መተኮስ ትችያለሽ? ልጅ መያዝስ? ከብሳ የሚሉትን ሩዝ መሥራት? ቀድሞ ምን እንደነበርኩ የጠየቀኝ ሰው አልገጠመኝም ነበር። ስመልስላት ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴው ተሰማኝ።

ደብረ ብርሃን ሳለሁ አሥራ አራት ልጃገረዶች ነበርን። የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ለቡድናችን አንድ ኳስና አንድ ዙር መለያ ሰጥቶናል። ከውድድር ስንመለስ መለያውን አጥበን፣ ቆጥረንና ፈርመን እናስረክባለን፤ ኳሷ ደግሞ አሠልጣኛችን ቤት ታድራለች። የእኔ መለያ ቁጥር አንድ ነበር። በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣታችን ደንዝዞ ኳሱ ሲመታን ሕመሙ የሚሰማን ቤታችን ስንገባ ነው። በኋላ አባቴ ታመመ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ፣ እኔም የሄዱትን ተከትዬ ሄድኩ።

ማዳም ጓንቷን አውልቃ ሰጠችኝ። “ግቢ” አለችኝ። “ልጆቹን እኛ እናያለን።”

ጨዋታቸው የእኛን እግር ኳስና የእጅ ኳስ አንድ ላይ የለወሱት ይመስላል። ኳሱን በእጅ መያዝም በእግር መምታትም ይፈቀዳል፤ ይዘሽ ስትሮጪ ግን በየአራት እርምጃው ወይ መሬት ማንጠር፣ ወይ በእግርሽ ጫፍ ወደ እጅሽ መመለስ አለብሽ። ሁለቱ የጎል ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈ አንድ ነጥብ ነው፤ በረኛዋን አልፎ መረብ ውስጥ ከገባ ሦስት። ከላይ በሚያልፈው ማንም አይወቅሰኝም፤ የእኔ ኃላፊነት የታችኛው ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ጠዋት በቃኝ። የእጅ ኳስ በረኛ እጇንም እግሯንም ደረቷንም ትሰጣለች። የዚያን ዕለት ሦስቱንም ሰጠሁ።

ማታ ሰከን ስገባ አነክስ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ከወሎ የመጣች፣ ሶላቷን የማታጓድል፣ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠኝ ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብስ እየጠቀመች አየችኝ።

“ጉልበትሽን ምን ነካው አንቺ ልጅ? ከደረጃ ወደቅሽ?”

“ጎል ስጠብቅ ነው፣ እትዬ።”

“ለማን?”

“ለአየርላንድ።”

መርፌዋን አስቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች። “ለራስሽ ቤት አጥር ሳታጥሪ የሰው በር ትጠብቂያለሽ?” አለችኝ። ግን በሳምንቱ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጣ ጉልበቱ የተደረበ ሰፊ ሱሪ ሰፍታ ትራሴ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። ብርቱካንማ አበባ አለው። አየርላንዶቹ ሱሪውን በጣም ወደዱት።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ የምጠብቀው ቀን ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ መስኮት ስወለውልም፣ ልጆቹን ስመግብም ክርኔንና ትከሻዬን አንቀሳቅሳለሁ።

በዚያው ዓመት፣ የሪያድ ብርድ ሲገባ፣ ግቢው አዳራሽ ውስጥ የአገራቸው ፊልም ታየ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ልጆቹን ይዤ ገባሁ። ከተማዋ ሲኒማ ቤት ስላልነበራት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ በባሕር ዳር ስላለች አንዲት መንደር ነው፤ ንግግሩ ቢያመልጠኝም ዝናቡና አረንጓዴው አንጀቴን አራሰው። ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም ተራ በተራ ወጣና በመጨረሻ አንድ ማኅተም የሚመስል ምልክት ታየ። ትልቋ ልጅ “ይኼ የመንግሥታችን ነው። ፊልም ሲሠራ ይረዳል” አለችኝ።

በማግሥቱ ማዳም የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ስትጽፍ አገኘኋት። እነሱም መንግሥታቸውን ድጋፍ ሊጠይቁ ነው፤ የጎል ቋሚ፣ መረብ፣ ኳስና መለያ።

“እዚህ ላይ የተጫዋቾች ብዛት ይላል” አለችኝ። “አንቺንም ልቁጠርሽ?”

መልሼ ጠየቅኳት። “መንግሥታችሁ ሪያድ ላለ ጨዋታ ምን አገባው? ለፊልምስ?”

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። “እኛ ትንሽ አገር ነን፤ ከአገር የወጣው ሕዝባችን ግን ብዙ ነው። ጨዋታችን፣ ሙዚቃችን፣ ፊልማችን ከሌለ ማን ያውቀናል? ፊልሙን ያየ ሰው አገሩን ልየው ብሎ ይመጣል። ጨዋታውን እዚህ የለመደችም አንድ ቀን ሜዳውን ልየው ብላ ትመጣለች።”

“እኔም ልመጣ ነዋ?”

“አንቺማ ከሁሉ በፊት” ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ “ቁጠሪኝ” አልኳት።

ለእኛ ያን ጊዜ መንግሥት ሲባል፣ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ወረቀትና ሰልፍ ነው። ከዓመት በፊት ኢቃማ የሌላቸው ወገኖቻችን ሻንጣቸውን ተሸክመው በአውቶቡስ ሲጫኑ አይተናል። መንግሥት ለኳስና ለመረብ የሚሞላ ቅጽ እንዳለው፣ በዚያ ቅጽ ላይም እኔ አንድ ሰው ሆኜ እንደምቆጠር ለእትዬ ስነግራት “አላህ ይስጣቸው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለእኛም ያምጣልን” አለች።

ድጋፉ ተፈቀደ። ዕቃው ደርሶ በካርቶን ተደረደረ። ከሌሎች ግቢዎችና ከምሥራቅ ጠረፍ ሁለት የሴት ቡድኖች መጥተው እኛ ሜዳ ላይ ውድድር እንዲደረግ፣ መለያውንም ከአገራቸው የምትመጣ አንዲት ባለሥልጣን እንድታስረክብ ተወሰነ። ሥራዋ መንግሥቱ ለስፖርት፣ ለኪነ ጥበብና ለቱሪዝም የሰጠው ድጋፍ የት እንደደረሰ ማየት ነው ተባለ።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ተጫዋቾቹ ማዳም ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ስኒ አጥባለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። በመከላከሉ በኩል ከፊቴ የምትጫወተው ረጅሟ መምህርት ስትናገር ሰማኋት።

“ጥሩ በረኛ ናት፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ድጋፉ ለእኛ ሰዎች የተሰጠ ነው። ባለሥልጣኗ መጥታ መለያውን የቤት ሠራተኛ ለብሳው ብታይ ምን ልንል ነው? ድጋፉን ቢከለክሉንስ?”

ማዳም የመለሰችላትን አልሰማሁም። ውኃውን ከፍቼ ለቅቄው ነበር። በክፋት እንዳልተናገረች ገብቶኛል፤ እውነቷን ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው የጎዳኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ ጓንቱን አጥቤና አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“ምንድን ነው ይኼ?” አለችኝ ማዳም።

“ሌላ በረኛ ፈልጉ። በእኔ ምክንያት ዕቃችሁን እንድታጡ አልፈልግም።”

“ሰምተሻል ማለት ነው።” ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ስምሽን ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ። ከየት እንደሆንሽም ጽፌያለሁ። አልደበቅኩም።”

“አንብበውታል?”

“አላውቅም” አለች፤ እውነቱን በመናገሯ አከበርኳት። “ከፈለግሽ እኔ እጠይቃታለሁ።”

“አይ” አልኩ። “ራሴ እጠይቃታለሁ።”

ሳምንቱን ሙሉ የምጠይቃትን በእንግሊዝኛ እየደጋገምኩ ተለማመድኩ። እትዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን ባለሥልጣኗን ሆና አልጋዋ ላይ ተኮፍሳ ትቀመጥልኛለች። “አንገትሽን አትድፊ። ሌብነት ልትናዘዢ አይደለም የምትሄጂው” ትለኛለች።

በዕለቱ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። አዲሶቹ ቋሚዎች ነጭ ቀለማቸው ያበራል። ባለሥልጣኗ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ከንግግሯ በፊት መለያዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። አረንጓዴ ናቸው፤ የበረኛው ብቻ ቢጫ ነው። እኔ አበባ ሱሪዬን ለብሼ ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ። አንገቴን አልደፋሁም።

“እኔ አየርላንዳዊት አይደለሁም” አልኳት። “ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ የማዳም ቤት ሠራተኛ ነኝ። የዚህ ቡድን በረኛም ነኝ። መለያው የመንግሥታችሁ ነው። ልለብሰው ይፈቀድልኛል?”

ረጅሟ መምህርት ከጎኔ ነበረች። ባለሥልጣኗ መነጽሯን አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ካለው ወረቀት አንዱን አወጣችና በጣቷ ፈለገች።

“አንቺ ነሽ?” ብላ ስሜን አነበበችው። በአነጋገሯ ተሰባብሮ ነበር፤ ቢሆንም ስሜ ነው። “እዚህ ተጽፏል። የእኛ ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ሰው ይጫወታል ብሎ ነው፤ ማን የት ተወለደ የሚል ጥያቄ የለውም።” ከዚያም ቢጫውን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እኔም እንደ አገሬ ልማድ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ጀርባው ላይ ቁጥር አንድ አለው። ለብሼው ወደ ጎሌ ስሮጥ እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በቀላሉ አሸነፍን። አንድ ጎል ገብቶብኛል፤ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነበረች ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፣ ግን ቀድሜ ወጥቼ ነው። ሁለተኛው ከምሥራቅ ጠረፍ ከመጡት ጋር ሲሆን ዋንጫው ያለው እዚያ ነው። ጠንካሮች ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኩል ነበርን። ረጅሟ መምህርት አንዷን ገፍታ ጣለቻትና ዳኛዋ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠች። ከጎሉ ፊት ለፊት፣ ማንም ሳይከልለኝ፣ እኔና መቺዋ ብቻ። መምህርቷ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

የደብረ ብርሃኑ አሠልጣኛችን “የመቺዋን ዓይን አትዪ፤ ይዋሻል። ዳሌዋን እዪ” ይለን ነበር። አየሁ። ወደ ግራዬ ዞረ። ኳሱን ከመምታቷ ቀድሜ አልወጣሁም፣ አልዘገየሁምም። ግራ እጄ መዳፍ ላይ አረፈና ወደ ውጭ ወጣ። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ዘለቀ። ስነሳ መምህርቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በራሷ ቋንቋ ትጮሃለች፤ ምን እንዳለች እስካሁን አላውቅም።

ዋንጫውን ግን አላገኘንም። በመጨረሻዋ ደቂቃ ከሩቅ የተመታ ኳስ ከአግዳሚው በላይ፣ እጄ ከማይደርስበት ከፍታ አለፈና በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ማዳም ሣሩ ላይ ተዘረረች። ሁላችንም ተናደን ነበር። መምህርቷ ውኃ ይዛልኝ መጣች፤ ውኃ ማቀበል ሁልጊዜ የእኔ ሥራ ነበር።

“ያን ቀን ቤት ውስጥ የተናገርኩትን ሰምተሽ ነበር?” አለችኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

“ለድጋፉ ሠግተሽ ነው፣ ገብቶኛል” አልኳትና ውኃውን ጠጣሁ።

በኋላ ባለሥልጣኗ ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ማስታወሻዋን አወጣች። የት እንደተማርኩ፣ አገሬ ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ድጋፍ ታደርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያቺን አንድ ኳስ መናገር ከእነዚህ ካርቶኖች አጠገብ ሊያሳፍረኝ ይገባ ነበር። ኳሱን ያዳነችው እጄ ግን ገና እየጠዘጠዘኝ ነው።

“አዎ” አልኳት። “ታደርጋለች። የዞናችን ጽሕፈት ቤት ለአሥራ አራት ልጆች አንድ ኳስ ሰጥቶን ነበር። የተማርኩት በእሷ ነው።”

“በአንድ ኳስ?”

“በአንድ ኳስ። ስለዚህ መሬት እንድትወድቅ አንፈቅድም ነበር።”

ሳቀችና ጻፈችው። እኔም ዞኔን፣ አሠልጣኜን፣ እነዚያን አሥራ ሦስት ልጆች ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ከጎኔ ያስቀመጥኳቸው ያህል ኮራሁ።

ከወራት በኋላ ማዳም አንድ በፖስታ የመጣ ቀጭን መጽሔት አሳየችኝ። መንግሥታቸው ድጋፉ ምን እንዳስገኘ ለሕዝቡ የሚያሳይበት ነው። የሙዚቃ በዓል አለበት፣ ጎብኚ የሞላባት መንደር አለችበት፣ ፊልም የሚቀርጹ ሰዎች አሉበት። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ቢጫ ለብሳ፣ ባለ አበባ ሱሪ ታጥቃ፣ እጇን የዘረጋች አንዲት ሴት። ከሥሩ “ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ኳስ የሠለጠነች በረኛ” ይላል። ማዳም ተረጎመችልኝ፤ ሳያስፈልገኝ። አገሬ የሚለውን ቃል እኔው ማንበብ እችል ነበር።

ሰከን ይዤው ስገባ ሴቶቹ ከእጅ እጅ ተቀባበሉት። እትዬ ከሁሉ አስቀድማ ሱሪውን ነው ያየችው። “ስፌቴ የፈረንጅ መንግሥት መጽሐፍ ላይ ወጣ!” ብላ በየክፍሉ እየዞረች አሳየች። ያልሰማ ሰው አልቀረም።

በፈረንጆቹ 2015 ማዳም አሮጌዎቹን ኳሶችና ከቀድሞው መረብ የተረፈውን ሰጠችኝ። የሰከናችን ተቆጣጣሪ፣ ቁጡ የምትመስል ግን ልቧ የለሰለሰ ሱዳናዊት፣ የኋላውን ግቢ ለቅዳሜ ጠዋት ፈቀደችልን። “ያላ፣ መስታወት እንዳይሰበር ብቻ” አለች። በኖራ የእጅ ኳስ ሜዳ አሰመርን። ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከጅማ፣ ከወሎ የመጡ፣ ኳስ ነክተው የማያውቁ ሴቶች ስምንት ሆነው ጀመሩ፤ ቦታው እስኪጠብ ድረስ በዙ። አንዷ “እህቴ፣ እኔ እኮ ሮጬ አላውቅም” ስትለኝ “ኢንሻአላህ ዛሬ ትሮጫለሽ” እላታለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልዬ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት፣ ሺፋ ሰፈር ካለው የኩባንያው ሌላ ሰከን አሥራ አንድ ሴቶች በአውቶቡስ መጥተው ገጠሙን። እትዬ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ በግራ ክንፍ ተጫወተች። እኔ የዚያን ቀን ዳኛ ነበርኩ። በመጨረሻ ኳሱ እጇ ገባ፤ ምን ላድርገው ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዳኛ መናገር ባይገባውም “ወርውሪው እትዬ!” ብዬ ጮህኩ። ወረወረችው፣ ገባም። ሁለቱም ሰከኖች በአንድ ላይ እልል አሉ። ሱዳናዊቷም በሩ ላይ ቆማ አብራ እልል ትል ነበር።